ለሚመጣው የበራ መብራት

ዳግፊን መክሰሱን የሚበላው መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነው። በቅባት ወረቀት የጠቀለለውን ዳቦና ቡናማ አይብ በአንድ እጁ ይዞ፣ ከታች ወደ ሊልቪክ ወደብ የምትገባዋን የመንገደኛ ጀልባ ያያል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሠራ፣ የመጨረሻው መንገደኛ ሳይወርድ ወደ ወንበሩ ሲመለስ አይቼው አላውቅም። ምን እንደሚፈልግ የጠየቅሁት በሦስተኛው ዓመት ነበር። በዚህ በሰሜኑ ጠረፍ ሰውን ቶሎ አይጠይቁትም።

«ወንድሜን» አለኝ፣ እያኘከ።

«ዛሬ ይመጣል?»

«እንጃ። ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላነሳነውም። እኔም ግን ሳላስበው ጀልባዋ ስትገባ ቀና ማለት ለመድሁ። የማላውቀውን ሰው መልክ በመንገደኞቹ ፊት ላይ እፈልግ ነበር።

ሥራችን በየደሴቱ መሳፈሪያ ላይ ለሚተከሉ የመብራት ሣጥኖች ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጀልባዋ በትንንሾቹ ደሴቶች ሁልጊዜ አትቆምም። ከውስጥ «አውርዱኝ» የሚል ከሌለ፣ ከውጭም መሳፈሪያው ላይ መብራት ካልበራ፣ ፍጥነቷን ሳትቀንስ አልፋ ትሄዳለች። መሳፈር የሚፈልግ ሰው ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ከምሰሶው ጫፍ ያለው መብራት ወደ ባሕሩ ይበራል፤ ካፒቴኗ አይታ ትዞራለች። ሣጥኑ ባትሪውን የሚሞላው ከፀሐይ ነው። ችግሩም እሱ ነበር፤ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ፀሐይ ከተራሮቹ በላይ ብቅ አትልም።

ከዳግፊን በፊት የነበረው ፕሮግራም ክረምቱን አይዘልቅም ነበር። በየሴኮንዱ ሺህ ጊዜ ቁልፉን ይጠይቀዋል። ተጫኑህ? አልተጫኑኝም። ተጫኑህ? አልተጫኑኝም። ማንም ያልረገጠው ደሴት ላይ፣ በጨለማና በበረዶ መሐል፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ እየተጨቃጨቁ ገና ታኅሣሥ ሳይጋመስ ባትሪው ያልቃል። ከዚያ በኋላ አንዲት አሮጊት መጥታ ብትጫን የሚሰማት የለም።

ዳግፊን ያንን ጥሎ ሌላ ጻፈ። የእሱ ፕሮግራም ማንንም አይጠይቅም። የሚጠብቃቸውን ነገሮች በአንድ ዝርዝር ያስቀምጣል፤ የሰው ጣት፣ የጀልባዋ ሬዲዮ፣ ሰዓት። ከዚያ ማሽኑን «ከእነዚህ አንዱ ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛል። የምር ይተኛል፤ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። የቀሰቀሰውን ነገር አስተናግዶ ተመልሶ ይተኛል። ባትሪው ሦስት ክረምት ቻለ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አልሁት። በትሮንድሄም ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን፤ እኔ የማስታውሰው ፈተናውን እንጂ ትምህርቱን አልነበረም።

«ከእናቴ» አለ። «እሷ ጥበቃ ታውቃለች። ልጅ እያለን ባሕር ላይ የቆየውን አባታችንን እየጠበቅን በየደቂቃው ወደ መስኮቱ ስንሮጥ ትቆጣን ነበር። 'አትጠይቁ፤ ይጠራችኋል' ትለናለች። እሷ ሹራቧን ትሠራለች፣ ድስቱ ይንተከተካል፣ አንዴም ቀና አትልም። የጀልባው ሞተር ቋጥኙን ሲዞር ድምፁ ይወፍራል። ያኔ ብቻ ተነስታ በሩን ትከፍታለች።»

ቦርግኒ ይባላሉ እናቱ። ቴርንሆልም ደሴት ላይ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ባላቸውን ቀብረዋል። ዳግፊን ልጅ እያለ ደሴቱ ላይ ዘጠኝ ቤት ነበር። እኔ ባወቅሁበት ጊዜ ጭስ የሚወጣው ከእሳቸው ቤት ብቻ ነው።

ቀስ በቀስ ታሪኩን ሰማሁ። ታላቅየው ልጅ ሲግቢዮርን ይባላል። በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ አንድ ጥቅምት፣ የአባቱን ጀልባ በደንብ ሳያስር ወደ ጭፈራ ሄደ። ማዕበሉ ጀልባውን ከድንጋይ ጋር አላትሞ ሰባበረው። አባትየው ስብርባሪውን እያዩ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ከእንግዲህ እግርህ ይህን መሳፈሪያ እንዳይረግጥ።» ልጁም በዚያው ቀን በመንገደኛዋ ጀልባ ሄደ። አባትየው በአራተኛው ዓመት ሞቱ። ሲግቢዮርን ወሬውን የሰማው ከቀብሩ በኋላ ሳይሆን አይቀርም፤ ከስታቫንገር አንድ ፖስት ካርድ ላከ፣ አድራሻ የሌለው።

እንግዲህ ቦርግኒ ሌላ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም። ነገር ግን ያ ሁሉ ትዕግሥታቸው በዚህ ልጅ ላይ አልሠራም። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ጀልባዋ ከመድረሷ ሩብ ሰዓት በፊት ወደ መሳፈሪያው ወርደው መብራቱን ያበራሉ። ጀልባዋ ትዞራለች። ካፒቴን አስላውግ ከላይ መስኮቷን ትከፍታለች።

«እማማ ቦርግኒ፣ ዛሬስ ይሳፈራሉ?»

«የት ልሄድ?»

«ታዲያ ለምን ጠሩን?»

«ፊታችሁን ልየው ብዬ ነው።»

«ፊታችንማ ከሰኞ ወዲህ አልተለወጠም።»

«ያንቺ አልተለወጠም፤ መለወጥ ግን ነበረበት፤ ትንሽ ተኚ።»

መርከበኞቹ ይስቃሉ። እሳቸው በመስታወቱ በኩል መንገደኞቹን አንድ በአንድ አይተው፣ እጃቸውን አውለብልበው ወደ ቤት ይወጣሉ። አስላውግ ይህን ለጀልባው ድርጅት አላሳወቀችም። በመዝገቧ ላይ «ቴርንሆልም፣ ቆምን» ብላ ትጽፋለች፤ እውነት ነው፣ ቆመዋል።

ዳግፊን ግን ያፍር ነበር። አንድ የፋሲካ በዓል ደሴቱ ላይ ሄዶ እናቱን ተናገራቸው። ነገሩን እንዲህ ብሎ ነገረኝ።

«እማዬ፣ ቁልፉ ለሚሳፈር ሰው ነው። ሲግቢዮርን ጀልባዋ ላይ ቢኖር 'አውርዱኝ' ይላል፤ አንቺ ብትጫኚም ባትጫኚም ትቆማለች።»

«አይልም።»

«ምን ማለት ነው አይልም?»

«አባትህ አትርገጥ ብሎታል። ያ ልጅ የአባቱ ልጅ ነው፤ አፉን ከፍቶ አውርዱኝ አይልም። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቤታችንን እያየ ያልፋል። ስንቴ እንዳለፈ ማን ያውቃል? ጀልባዋ በራሷ ከቆመች ግን፣ በሩም ከተከፈተ፣ ያኔ መውረድ ነው እንጂ መጠየቅ አይደለም።»

ዳግፊን ይህን ነግሮኝ ዳቦውን ሳይጨርስ ጠቀለለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቁልፉ አልተናገራቸውም።

አዲሱ ሣጥን ቴርንሆልም ላይ የተተከለው እሳቸው ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ ነው። ዳግፊን ራሱ ሄዶ ብሎኑን አጠበቀ። በዚያ ሣጥን ውስጥ፣ እንደሌሎቹ ሁሉ፣ አንድ ደንብ ነበር፤ መብራቱ በርቶ ጀልባዋ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ካልመጣች ራሱን ያጠፋል። ደንቡን ያወጣው ዳግፊን ነው። «ማብቂያ የሌለው ጥበቃ ጥበቃ አይባልም፤ ተረስቶ መቅረት ነው» ይል ነበር። አንድ ሰው ተጫውቶበት ቢሄድ መብራቱ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ለምን አርባ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። «ጀልባችን አርባ ደቂቃ ዘግይታ ታውቃለች?» እኔም ሳቅሁ። ሰዓታችን ላይ ሁላችንም ኩራተኞች ነን። ሬዲዮ ላይ «አራት ደቂቃ ዘግይታለች» ብለው ይቅርታ የሚጠይቁበት አገር ነው።

ሁለት ክረምት ደኅና አለፈ። በሦስተኛው፣ በጥር ወር አንድ ረቡዕ፣ ንፋሱ ከሰሜን ምዕራብ መጣና ጀልባዋን በመሥመሩ መጨረሻ ባለው ውጭኛው ደሴት ላይ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አስቆማት። ቦርግኒ በሰዓታቸው ወርደው ተጭነው ነበር። በረዶው ዓይን ስላላስገለጣቸው ወደ ቤት ተመለሱ። መብራቱ የሚያየው ወደ ባሕሩ ነው፤ ከቤታቸው መስኮት ሆነው መብራቱን አያዩትም። በአርባኛው ደቂቃ ጠፋ። ጀልባዋ ስትደርስ መሳፈሪያው ጨለማ ነበር። አልፋ ሄደች። እሳቸው ሞተሩን ሰምተው በሩን ከፈቱ፤ ድምፁ ግን አልወፈረም።

ዓርብ ጠዋት አስላውግ ቢሯችን ስልክ ደወለች። ዳግፊን የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ነበር፤ ሁላችንም ሰማን።

«አንተ፣ እናትህ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፤ ምነው?»

«ረቡዕ መብራቷ አልበራም። አመመዎት ወይ ብዬ ደወልሁላት፤ በርቷል ብላ ተቆጣችኝ። ሌላም ነገር አለ... አንድ ሽማግሌ ብጤ ከጀልባዋ ኋላ በኩል ቆሞ ነበር፤ ሽማግሌ እንኳ አይባልም፣ ጢሙ ሸብቷል እንጂ። ቴርንሆልምን ስናልፍ ወደ እኔ መጥቶ 'እዚህ ሰው አይኖርም እንዴ?' አለኝ። እኔም ሥራ ይዤ፣ 'ሰው ቢኖር መብራት ይበራ ነበር' አልሁት። ሊልቪክ ላይ ወረደ። ዛሬ ጠዋት ነው ነገሩ የገባኝ። ዳግፊን፣ ቀና ሲል እናትህን ይመስላል።»

ዳግፊን የሣጥኑን መዝገብ ከፈተ። እዚያ ነበር፤ ቁልፉ የተጫነበት ሰዓት፣ ከዚያ ሥር ከአርባ ደቂቃ በኋላ «ጊዜው አልፏል፤ ጠፍቷል»። ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው ራሱ ነው። ያን ረቡዕ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ስለነበረው መስኮቱ ላይ አልቆመም።

ለእናቱ ሲደውል ከክፍሉ ልወጣ ነበር፤ በእጁ ተቀመጥ አለኝ።

«እማዬ፣ ረቡዕ መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገራቸው። የመለሱለት ያልጠበቅነው ነበር።

«ጢም አለው አሉ?»

«አለው አሉ። ሸብቷል።»

«ሽበት!» አሉ፣ ልጃቸው ትናንት ጥርስ ያወጣ ይመስል። «አባቱም በዚያ ዕድሜ ነው የሸበተው። ኮፍያ አድርጎ ነበር?»

«አልጠየቅሁም፣ እማዬ።»

«ጠይቅልኝ።»

አስላውግን ጠየቀ። ኮፍያ አላደረገም ነበር። «በዚያ ብርድ» አሉ ቦርግኒ። ስልኩን ዘጉት።

ዳግፊን ያን ቅዳሜና እሑድ ቤቱ አልሄደም። ሰኞ ስመጣ የቴርንሆልም ሣጥን ብቻ ሌላ ፕሮግራም ነበረው። መብራቱን ያለ ገደብ ማቆየት አይቻልም፤ በጨለማው ወራት ባትሪው አይችልም። መጠበቅ ግን ይቻላል። አንድ ሰው ቁልፉን ከተጫነ፣ ሣጥኑ መጫኑን ያስታውስና መብራቱን ሳያበራ ይተኛል። ጀልባዋ ቋጥኙን ስትዞር ሬዲዮዋ ይቀሰቅሰዋል፤ ያኔ ይበራል። ስታልፍ ይጠፋል። ለሚቀጥለውም እንዲሁ። የተጫነው ሰው ራሱ እስኪሰርዘው አይረሳም። የጥበቃው ርዝመት በሚጻፍበት ቦታ፣ አርባ በነበረበት፣ ከዜሮ በታች አንድ ጽፎበታል። በእኛ ሥራ ይህ ቁጥር «ማብቂያ የለውም» ማለት ነው።

«ደንብህስ?» አልሁት።

«ደንቡ የገባኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ውድ የሆነው መጠበቁ አይደለም። ውድ የሆነው እየነቁ መጠየቁ ነው።»

ሚያዝያ ላይ ቦርግኒ ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሁለት መርከበኞች በቃሬዛ ወደ ጀልባዋ ሲወስዷቸው፣ መሳፈሪያው ላይ አስቆሟቸውና እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ተጫኑ።

«እማማ፣ እዚሁ ቆመን የለም እንዴ?» አለች አስላውግ። «ለማን ነው?»

«ለሚመጣው ነው። አንቺ እንዳታጠፊው።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ፤ የልጅዎ ሣጥን ነው።»

«እሱንም ነግሬዋለሁ።»

ሊልቪክ የአረጋውያን ቤት ገቡ፤ ከቢሯችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ዳግፊን ዘወትር ከሥራ በኋላ ይሄድ ነበር፤ አንዳንዴ እኔም አብሬው። ግራጫ ክር ይዘው ኮፍያ ይሠራሉ። አንዱን ጨርሰው ይተረትሩታል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ነርሷ «ዛሬም ያው ኮፍያ?» ስትላቸው «የልጄ ራስ ትልቅ ይሁን ትንሽ ረሳሁት» አሏት። ይህን ያሉት እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ያን ምሽት ወደ ቤቴ ስሄድ፣ እኔ ራሴ የማንን ራስ ስፋት እንደረሳሁ እያሰብሁ ነበር።

ደሴቱ ላይ ሰው የለም፤ መብራቱ ግን ይበራል። በሳምንት ሦስት ቀን ጀልባዋ ባዶ መሳፈሪያ ላይ ዞራ ትቆማለች፣ በሯን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በበጋው አገር ጎብኚዎች ፎቶ ያነሱ ነበር። መስከረም ላይ የጀልባው ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። የማይኖርበት ደሴት ለምን ይጠራል? አለቃችን ጥሩ ሰው ነው፤ ዳግፊንን ጠርቶ «አንድ ትእዛዝ ብትልክ ይጠፋል አይደል?» አለው።

«ይጠፋል።»

«ታዲያ?»

«የተጫነው ሰው አልሰረዘውም።»

አለቃው ጣራውን አየ። በመጨረሻ የተስማሙት ቴርንሆልም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንዲቆይና ከዚያ ከመሥመሩ እንዲሰረዝ ነው። ማብቂያ የሌለው ጥበቃ በዚህ መንገድ ማብቂያ ተበጀለት። ዳግፊን ለእናቱ ነገራቸው። «ገና ስንት ጀልባ አለ?» ብለው ጠየቁ። ቆጠሩት። ከዚያ በኋላ ኮፍያውን መተርተር ተዉ።

ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አስላውግ ለዕረፍት ወደ ልጇ ሄደች፤ ጀልባዋን ከደቡብ የመጣ ተተኪ ያዘ። ከገና በፊት በነበረው ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ውጭው እንደ ምሽት ጨልሞ፣ እኔ የአንድ ሌላ ሣጥን ብልሽት እያየሁ ሳለ፣ የዳግፊን ኮምፒውተር አንዴ ጮኸ። ቀና ብሎ አየ። ዓይኑን ከስክሪኑ ስላልነቀለ ተነስቼ በትከሻው በኩል አየሁ።

ቴርንሆልም። ቁልፉ ተጭኗል።

«ወፍ ይሆናል» አልሁ፤ ለምን እንዳልሁት አላውቅም።

«ወፍ አራት ሴኮንድ አይጫንም።»

ወዲያው ወደ ጀልባዋ ደወለ። ተተኪው ካፒቴን ደንገጥ ብሎ መለሰ።

«ቴርንሆልም? አዎ፣ ወደ ውጭኛው ደሴት ስንሄድ ቆመናል፤ መብራት በርቶ ነበር። ጥፋት ነው እንዴ?»

«የወረደ ሰው አለ?»

«አንድ ሰው ወርዷል። ቲኬቱ እስከ ውጭኛው ደሴት ነበር። አውርዱኝ እንኳ አላለም። በሩ ሲከፈት ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ ልዘጋ ስል ብድግ ብሎ ቦርሳውን አንስቶ ወረደ። አሁን ስመለስ ላንሳው?»

«አንሳው» አለ ዳግፊን። «እባክህ፣ ሰዓቱ ቢያልፍም አንሳው። ቤቱ ተዘግቶ ስላገኘው ነው። እናትህ ሊልቪክ ናት በለው። ትጠብቅሃለች በለው።»

ካፖርቱን ሳይለብስ ወጣ። እኔ ካፖርቱን ይዤ ተከተልሁት። የአረጋውያኑ ቤት ስንደርስ ቦርግኒ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሹን መሰብሰብ አቃተው።

«እማዬ፣ ቴርንሆልም ላይ... ተጫኑት።»

ክሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «መብራቱ በርቶ ነበር?»

«በርቶ ነበር።»

«ጀልባዋ በስንት ሰዓት ትገባለች?»

«አሥር ሰዓት ላይ።»

«እንግዲያው ወንበሬን ግፋኝ። እዚህ ሙቀት ውስጥ ቁጭ ብዬ አልቀበለውም።»

ነርሷ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባባቸው ነው የለቀቀችን። ወደቡ ላይ በረዶው ቀጭን ነበር። ዳግፊን ስልኩን ያወጣል፣ ያያል፣ ያስገባል፤ እንደገና ያወጣል። ሰዓቱን ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ አልቆጠርሁም።

«ኧረ ልጄ፣ አትጠይቅ» አሉት ቦርግኒ፣ ዓይናቸውን ከባሕሩ ሳያነሱ። «ትጠራሃለች።»

ኮፍያው ብርድ ልብሱ ሥር በእጃቸው ነበር። ከመብራቶቹ ባሻገር፣ ገና የማትታየው ጀልባ የወደቡን አፍ ስትዞር ሞተሯ ወፈረ። እሳቸው ኮፍያውን አውጥተው በሁለት ጣታቸው ግራና ቀኝ ሳቡት፣ ትንሽ ሰፋ እንዲል።